ከሸጎሌ እስከ መሳለሚያ፦ የሕዝብ ዜና በማን በር ይገባል?

ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሣ። መሳለሚያ ለሸማ ተራ ሩቅ አይደለችም። ሱቁን ዘግቶ የኮልፌ ታክሲ የሚጠብቀው ነጋዴ፣ እህል በረንዳ ከአይሱዙ ላይ ጤፍ የሚያወርደው ወጣት፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዞ ንጋትን የሚጠብቀው መንገደኛ፣ ሁሉም በመርካቶ በኩል ያለውን ጭስ አየ። ንብረት ያለው ወደዚያ ሮጠ። የቀረው ስልኩን አወጣ።

በስልኩ ውስጥ ያልነበረ ወሬ የለም። አንዱ ከፎቅ ላይ ሆኖ በቲክቶክ ላይቭ ያሳያል። ሌላው እሳቱ ወደሚቀጥለው ተራ ተሻገረ ይላል፤ ሦስተኛው በቁጥጥር ሥር ዋለ ብሎ ይጽፋል። ከንቲባ አዳነች አቤቤ ስለ አደጋው ለከተማው ነዋሪ የሚሉትን በፌስቡክ ገጻቸው አሰፈሩ፤ የሕዝብ ጣቢያዎችም መልእክቱን ተቀብለው በየራሳቸው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ አወጡት። የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበት መቸገራቸውንም ብዙ ሰው ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

«ጋሼ፣ ኢቢሲ ምን አለ?» ይላል እንዲህ ባለ ምሽት አንድ ጫኝና አውራጅ፣ ስልክ የያዙትን የእህል ነጋዴ።

«እያየሁ ነው ልጄ፤ ፌስቡኩ አልከፍት ብሎኝ ነው እንጂ።»

እንዲህ ያለውን የጥያቄና መልስ ልውውጥ መሳለሚያ ላይ የቆመ ሰው በማንኛውም ቀን ይሰማዋል፤ ጠያቂውም መላሹም እንግዳ ነገር የተናገሩ አይመስላቸውም። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን (ኢቢሲ) ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ሸጎሌ ከመሳለሚያ በታክሲ ብዙ አያስኬድም። ጣቢያው ቴሌቪዥን አለው፣ ብሔራዊ ሬዲዮ አለው፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1 አለው። የከተማዋ አዲስ ሚዲያ ኔትወርክም ኤፍኤም 96.3 አለው። ሆኖም ከሸጎሌ የወጣው ዜና መሳለሚያ የሚደርሰው፣ ካሊፎርኒያ የተቀመጠ አንድ ኩባንያ ለማን፣ መቼና ከምን ቀጥሎ ይታይ የሚለውን ከወሰነ በኋላ እየሆነ መጥቷል። ይህ ልማድ አንድም ቀን በሸንጎ ተመክሮበት የተወሰነ አይደለም። ቀስ በቀስ፣ በየዕለቱ ፖስት፣ እንዲሁ ሆነ። ልንነጋገርበት የሚገባ ትልቅ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በተግባር እንዲህ ነው። አንድ የሕዝብ ጣቢያ የፌስቡክ ገጽ ይከፍታል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተከታይ ያፈራል። የዜና አንባቢው ፕሮግራሙን ሲዘጋ ተመልካቹን በፌስቡክ፣ በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ እንዲከታተል ይጋብዛል። ይሁንና ገጹን «ላይክ» ያደረገ ሁሉ የገጹን ዜና አያይም። ፌስቡክ ከሺህ ጽሑፎች መካከል የትኛው ከላይ እንደሚቀመጥ የሚመርጥበት የራሱ ስሌት አለው፤ አልጎሪዝም የሚሉት ይህን ነው። ስሌቱን የሚያወጣውም የሚቀይረውም ኩባንያው ብቻ ነው። በጥር 2010 ፌስቡክ ከዜና ገጾች ይልቅ የቤተሰብንና የወዳጅን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም ሲያስታውቅ በዓለም ዙሪያ ያሉ የዜና ተቋማት አንባቢያቸው በአንድ ጊዜ ሲሳሳ ተመለከቱ። ቀድሞ ያማከራቸው አልነበረም።

ስሌቱ ሰው ፌስቡክን ትቶ ወደ ሌላ ድረ ገጽ እንዲሄድ አይፈልግም። ስለዚህ ጣቢያዎቻችን ሊንክ ከማስቀመጥ ይልቅ ዜናውን ከነሙሉ ጽሑፉ ፌስቡክ ላይ ይለጥፉታል። አንባቢው እዚያው አንብቦ፣ እዚያው አስተያየት ሰጥቶ ያልፋል። የጣቢያው ድረ ገጽ ግን ጎብኚ ያጣል፤ ጎብኚ ያጣ ድረ ገጽ ደግሞ በጀትና ባለሙያ ያጣል። በዚህ ላይ ዜናውን ማን አነበበው፣ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ የቱ ጋ ሲደርስ አቆመ የሚለውን ዝርዝር የሚያውቀው ኩባንያው ነው። ጣቢያው የሚደርሰው ኩባንያው ሊያሳየው የወደደው ድምር ብቻ ነው። ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች በፌስቡክ ላይ ምን እንደሚዛመት ይከታተሉበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በነሐሴ 2016 ሲዘጋው ያቺም ትንሽ መስኮት ጠፋች።

የስልክ ጥቅሉም በዚህ ላይ ተጨምሯል። ቴሌኮም ኩባንያዎቻችን ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል በቅናሽ ይሸጣሉ። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ የሚውል የመሳለሚያ ወጣት በጥቂት ብር ያንን ይገዛል፤ መደበኛ ዳታ ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድለትም። እንግዲህ ለዚህ ልጅ የኢቢሲ ፌስቡክ ገጽ ክፍት፣ የኢቢሲ ድረ ገጽ ዝግ ነው። በግብር ከፋዩ ገንዘብ የቆመው የሕዝብ ጣቢያ ድረ ገጽ ከአንድ የውጭ የንግድ ድርጅት መድረክ ይልቅ ለደሃው ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሳስብ በእውነት አዝናለሁ፤ ምክንያቱም መፍትሔው በእጃችን ያለ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሕዝብ ጣቢያ በሌላ ሰው መሣሪያ ሲጠቀም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሥራ ሲጀምርም፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲመጣም መሣሪያው ከውጭ የተገዛ ነበር። ግን ማሠራጫው አንዴ ከተተከለ በኋላ የአገር ነው። ሳተላይት ሲመጣ ነገሩ ወደ ኪራይ ተለወጠ። ለብዙ ዓመታት የአገራችን ጣቢያዎች ናይልሳትንና ሌሎች የውጭ ሳተላይቶችን ተከራይተው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ኢትዮሳት የሚባለውን አገልግሎት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለች ሳተላይት ላይ ከፈተ። የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የነበረውን ግርግር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ መርካቶ ያሉ የዲሽና የሪሲቨር ነጋዴዎች ገበያ ደራላቸው፣ ዲሽ ሠሪዎችም ከቤት ቤት እየዞሩ ዲሹን ወደ አዲሱ አቅጣጫ ሲያዞሩ ከረሙ።

ኢትዮሳትም ቢሆን በውጭ ኩባንያ ሳተላይት ላይ ነው። ልዩነቱ ውሉ ነው። ጣቢያዎቹ ተሰባስበው ተደራደሩ፤ ዋጋው፣ ዘመኑ፣ የአገልግሎቱ ዓይነት በወረቀት ሰፈረ። ኩባንያው ግዴታውን ካልፈጸመ የሚጠየቅበት አንቀጽ አለ። የፌስቡክ ገጽ ግን የሚከፈተው ማንም በማያነበው ረጅም ደንብ ግርጌ «እስማማለሁ» የሚለውን በመንካት ነው። ደንቡን አንደኛው ወገን ብቻ ይጽፈዋል፣ በፈለገው ቀን ያሻሽለዋል። መሳለሚያ እህል በረንዳ ላይ የሚሠራ ደላላ እንኳ እንዲህ አይደለም፦ ስሙ ይታወቃል፣ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ይነገራል፣ ገዢና ሻጭን ቢያጣላ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የሕዝብን ዜና ለሕዝብ የሚያደርሰው ደላላ ግን የሚጠየቅበት ሸንጎ በአገራችን የለም።

ለዚህ አብነቱ ሩቅ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት በፌስቡክ ላይ የተሠራጨ የጥላቻ ጽሑፍ ለአባቱ ለፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ግድያ ምክንያት ሆኗል ያለው አብርሃም መዓረግ፣ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ሜታን የከሰሰው ናይሮቢ ነው። የአፍሪካን ይዘት የሚመረምሩት ሠራተኞች የነበሩት ኬንያ ውስጥ ስለነበር ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው የበየነው በመጋቢት 2017 ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ለጠፋ ሕይወት ፍትሕ የሚጠየቀው ድንበር ተሻግሮ ነው። አንድ የአገራችን የሕዝብ ጣቢያ ነገ ገጹ ያለ በቂ ምክንያት ቢዘጋበት ለማን አቤት ይላል?

በሩ ከውጭ በኩል ሲዘጋ ደግሞ አይተናል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ መንግሥት የመሠረተችበት ቀን ነበር። ጠዋት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በመስቀል አደባባይም በዓለ ሢመት ተደረገ። አንድ የሕዝብ ጣቢያ በዓመታት ውስጥ አንዴ የሚያገኘው ዓይነት ቀን ነው። ምሽት 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ጠፉ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆዩ። ምክንያቱ ኩባንያው በራሱ መሣሪያ ላይ ያደረገው የተሳሳተ የቅንብር ለውጥ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ እንደወትሮው ሠሩ። ቀኑን በስልኩ ሊከታተል ያሰበው ሰው ግን ወይ ቴሌግራም ገባ ወይ ተኛ። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በዚያ ቀን ብቻ 70 ሚሊዮን አዲስ ተጠቃሚ እንዳገኙ ተናገሩ፤ ከአንዱ የግል መድረክ ወደ ሌላው የግል መድረክ ስደት ማለት ነው። የዱሮቭ ድርጅትም ቢሆን ዋስትና እንደሌለው፣ እሳቸው በነሐሴ 2016 ፓሪስ ላይ ሲያዙ ታየ።

ያው 2014 ዓ.ም. ሌላም አሳየን። በጥቅምት መጨረሻ ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ዐመፅን ያነሣሣል ብሎ ከገጻቸው አነሣ። በዚያው ሰሞን ትዊተር በኢትዮጵያ መነጋገሪያ ርዕሶችን የሚያሳየውን ዝርዝር ዘጋ። ቀደም ሲል በሰኔ 2013፣ ከምርጫው በፊት፣ ፌስቡክ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጋር ግንኙነት ባላቸው ሰዎች የሚንቀሳቀሱ ናቸው ያላቸውን ሐሰተኛ አካውንቶችና ገጾች አስወግዶ ነበር። በነሐሴ 2013 የአስተዳደሩ ዋና ዳይሬክተር ሹመቴ ግዛው አገሪቱ ፌስቡክንና ዋትስአፕን የሚተካ የራሷን መድረክ እየሠራች ነው አሉ። እነዚህን ውሳኔዎች አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጥላቻን የሚዘራ ጽሑፍ መነሣቱ ሕይወት ያድናል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሰላም የሚወሰነውን ውሳኔ የወሰኑት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ተጠሪ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ውሳኔውን የሚመረምርበት መንገድ አልነበረውም።

በሩ ከውስጥም ይዘጋል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተዘጋው ከውስጥ ነው። በሰኔ 2011፣ የአማራ ክልል አመራሮችና የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሲገደሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከመረብ ውጭ ነበረች። ከየካቲት 2015 መጀመሪያ እስከ ሐምሌ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፈጠረውን ቀውስ ተከትሎ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተዘግተው አምስት ወር ቆዩ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ጠፋ።

የ2015ቱን አምስት ወር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መድረኮቹ በአገሪቱ ተዘግተው ሳለ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሕዝብ ጣቢያዎች የፌስቡክ ገጾች ሥራ አላቆሙም፤ መግለጫው፣ ዜናው፣ ፎቶው መውጣቱን ቀጥሏል። ቪፒኤን የተባለውን የእገዳ ማለፊያ መጫን የሚያውቅ ወጣት አነበበው። የማያውቁት የእህል ነጋዴ፣ ስልክ የሌላቸው እናት፣ መርካቶ በረንዳ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴት አላነበቡትም። መንግሥት በአንድ እጁ በሩን ዘግቶ በሌላው እጁ በዚያው በር በኩል ሲናገር ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር ለሕዝብም ለጋዜጠኛውም ክብር የለውም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ባሕር ዳር ተቀምጦ በፌስቡክ ያወጣው የክልሉ ዜና፣ ዳታ በተቋረጠባቸው ወራት ከጎንደርና ከደሴ ገጠሮች ይልቅ ለዋሽንግተን ነዋሪ ይቀርብ ነበር። ለክልሉ ሰው የቀረው ሬዲዮ ነበር፤ ሬዲዮ ደግሞ ከፌስቡክ ይልቅ በጀት ሊመደብለት ይገባ የነበረ ነው።

የውጭው ዓለም ተሞክሮም የሚያስተምረው ነገር አለ። በየካቲት 2013 የአውስትራሊያ መንግሥት ፌስቡክ ለዜና ተቋማት እንዲከፍል የሚያስገድድ ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ኩባንያው በአንድ ሌሊት የአገሪቱን ዜና በሙሉ ከመድረኩ አነሣ። የሕዝቡ ጣቢያ ኤቢሲ ገጽ ባዶ ሆነ፤ ከዜና ጋር ምንም የማያገናኛቸው የጤናና የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች ገጾችም አብረው ጠፉ። ከቀናት በኋላ ድርድር ተደርጎ ተመለሰ። ካናዳ ላይ ግን አልተመለሰም፦ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ሜታ በካናዳ ዜና ማሳየት አቆመ። በቀጣዩ ወር በሰሜኑ የየሎናይፍ ከተማ 20 ሺህ ያህል ነዋሪ ከሰደድ እሳት ሲሸሽ፣ የአገሪቱን የሕዝብ ጣቢያ የሲቢሲን የመንገድና የአደጋ ዜና ፌስቡክ ላይ ማጋራት አልተቻለም። አውስትራሊያና ካናዳ ባለጠጋ፣ ጠንካራ ፍርድ ቤትና ጠንካራ ፓርላማ ያላቸው አገሮች ናቸው። እነሱን የፈተነውን እኛ በምን ጉልበት እንቋቋመዋለን? ደፍሮ የወጣ ደግሞ አለ። የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር በሚያዝያ 2015 ትዊተር የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሚል ምልክት ሲለጥፍበት መድረኩን ጥሎ ወጣ፤ የድረ ገጹ ጎብኚም የጎላ ቅናሽ አላሳየም። ይህን ማድረግ የቻለው የራሱ ድረ ገጽ፣ የራሱ መተግበሪያና በየከተማው ሬዲዮ ስላለው ነው።

እኛ አገር አንድ የውጭ የሕዝብ ጣቢያ ከመጀመሪያውም ደጃፉን ፌስቡክ አድርጎ ገብቷል። ቢቢሲ አማርኛ በመስከረም 2010 ሲጀምር ከድረ ገጹ ጋር የፌስቡክ ገጹ ነበር ቀድሞ የታወቀው። በመልካም ዝግጅት ብዙ አንባቢ አፍርቷል። ዶይቸ ቬለ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአጭር ሞገድ፣ የአሜሪካ ድምፅም በ1970ዎቹ እንዲሁ በሬዲዮ ነበር የገቡት። በዚያ ዘመን የሬዲዮኑን ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥተው ጆሯቸውን የሚያስጠጉ አባቶቻችን የሞገዱ መቆራረጥ እንጂ የማንም ኩባንያ ምርጫ አያግዳቸውም ነበር።

ስለ ሐሰት ወሬም ሳልናገር አላልፍም፤ የመርካቶ ሰው ዋጋ የሚከፍልበት ይህ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2017 መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ የነጋዴ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር፤ የከተማዋ ገቢዎች ቢሮ ሐሰት ነው አለ። ወሬውም ማስተባበያውም በአንድ መድረክ፣ በአንድ ስክሪን፣ ጎን ለጎን ነበሩ። በዚያ ላይ የጣቢያዎቹን ዓርማ አስመስለው የሚከፈቱ ገጾች አሉ፤ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የተባሉት መረጃ አጣሪዎች የኢቢሲን፣ የፋናንና የቢቢሲን ስም የያዙ ሐሰተኛ ገጾችንና ምስሎችን ደጋግመው አጋልጠዋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መድረኮች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል። ዕቃውን ጭኖ የሸሸ ነጋዴ ግን 24 ሰዓት አይጠብቅም። እርግጠኛውን ዜና የሚያገኝበት አንድ የታወቀ፣ ማንም አስመስሎ ሊከፍተው የማይችል አድራሻ ያስፈልገዋል። ኤፍኤም ሬዲዮ እንዲህ ያለ አድራሻ ነው። የራስ ድረ ገጽም ሊሆን ይችላል።

ጣቢያዎቹ ፌስቡክን ይልቀቁ አልልም። ሕዝቡ እዚያ አለና እዚያ መገኘት ግዴታቸው ነው። ወጣቱን በቲክቶክ አጭር ቪዲዮ መያዝ የሚችሉ ጎበዝ ባለሙያዎች እንዳሏቸውም አያለሁ። የምለው፣ እዚያ ብቻ አይኑሩ ነው። ዜናው መጀመሪያ በራሳቸው ቤት ይውጣ፤ ቀጥሎ ወደ መድረኮቹ ይሂድ። ዛሬ ተቃራኒው ነው።

ለዚህ የሚሆን ልምድ በአገራችን ሞልቷል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ929 ለደወለ ሰው የምርት ዋጋ በድምፅ ሲናገር ቆይቷል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። 8028 የተባለው የአርሶ አደሮች መስመር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች የእርሻ ምክር ይሰጣል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደውሎለታል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መጥሪያውን ድምፅ በጥንቃቄ መልእክት ተካው። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ፣ ፌስቡክ ምን እንደሆነ የማያውቀው ጭምር፣ ሰማው። እንግዲህ አንድ አጭር ቁጥር ደውሎ የሰዓቱን ዜና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ መስማት የማይቻልበት ምን ምክንያት አለ?

ቅድም ያልኩት መፍትሔም እዚህ ነው። ኢቢሲ የሕዝብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም አብላጫው ድርሻ የመንግሥት ነው። የሕዝብ ጣቢያዎችን ድረ ገጽ ያለ ዳታ ክፍያ እንዲከፈት ማድረግ የሁለት የሕዝብ ተቋማት ስምምነት እንጂ የካሊፎርኒያ ፈቃድ አይጠይቅም። ጽሑፍና ድምፅ ብቻ ያለበት ቀላል ገጽ ቢሆን ወጪው ትንሽ ነው። ያ የመሳለሚያ ጫኝና አውራጅ የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ባይኖረውም የአገሩን ዜና ያነብባል።

ማህደሩም አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስድሳ ዓመት የተሻገረ የፊልምና የካሴት ሀብት አለው፤ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ እዚያ እንዳለ ይታሰባል። ዩቲዩብ የንግድ ሥራ ነው፤ የማህደር ተቋም አይደለም። በአንድ የቅጂ መብት አቤቱታ አንድ ሙሉ ገጽ ሊወርድ ይችላል። እያንዳንዱ የሕዝብ ጣቢያ የሠራውን ሁሉ በራሱ ማስቀመጫ ሊይዝ፣ ቅጂውንም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊሰጥ ይገባል። የጀርመኑ ዜድዲኤፍና ቢቢሲ በማንም ኩባንያ ባልተያዘው ማስቶዶን በተባለው መረብ ላይ በራሳቸው ሰርቨር ሙከራ ጀምረዋል፤ ተጠቃሚው ጥቂት ነው፣ ግን ሰርቨሩ የራሳቸው ነው። የራሳችንን ፌስቡክ እንሠራለን ከሚለው ትልቅ ዕቅድ በፊት እንዲህ ያለው ትንሽ እርምጃ ይቀድማል፤ ሕዝብ የሚያምነው መድረክ በመንግሥት ትእዛዝ አይገነባምና።

ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የጣቢያው አፈጻጸም በሚገመገምበት ጊዜ የፌስቡክ ተከታዮች ብዛት እንደ ውጤት መቅረቡ ይቁም፤ ቁጥሩ የኩባንያው ሀብት ነው። የምክር ቤቱ አባላት ይህን ይጠይቁ፦ ፌስቡክና ቴሌግራም በተዘጉ ቀን ዜናችሁ በስንት ወረዳ ይሰማል? መድረኮቹን የሚዘጋው አካልም፣ የሚዘጋ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት የሕዝብ ጣቢያዎች ድረ ገጽ፣ ሬዲዮና የስልክ መስመር ክፍት እንደሚሆኑ በሕግ ይገደድ። አንባቢም ድርሻ አለው። የምትከታተሉትን ጣቢያ የድረ ገጽ አድራሻና የኤፍኤም ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ለእናትና ለአባታችሁም አሳዩአቸው።